ጋሽ ላሬቦ ያበላሿቸው ቤቶች

ጋሽ ላሬቦ መሞታቸውን የሰማሁት ሲሚንቶ ልገዛ ሄጄ ነው። መስቀል ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ያለው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ አንዱን ከረጢት ወደ በሩ እየጎተተልኝ "ምን ልትሠሪ ነው መምህርት?" አለኝ። ወንድሜ ጴጥሮስ እንግዶች ይዞ ሊመጣ መሆኑን፣ ከመምጣታቸው በፊት የመታጠቢያ ቤታችን በር ሥር ያለውን ዥንጉርጉር ሲሚንቶና ግድግዳው ላይ ያለውን እርጥበት ላስሸፍን ማሰቤን ነገርኩት። ከረጢቱን ለቀቀው።

"ጋሽ ላሬቦ የሠሩትን?" አለኝ። "አልሰማሽም እንዴ? አረፉ እኮ። ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው መንደራቸው ሀቢቾ ተቀበሩ።"

ሲሚንቶውን ባጃጅ ላይ ጭኜ ስመለስ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም? የማላውቀው ሰው አክስት ስትሞት ሦስት ሰው እየደወለ ይነግረኛል፤ የጋሽ ላሬቦን ሞት ከሲሚንቶ ነጋዴ ልስማ? ቤት ደርሼ ከረጢቱን ከበሩ ጀርባ አቆምኩትና ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ደም ግፊት አለባት። መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ጋሽ ላሬቦ ዘመዴ አልነበሩም፤ ጎረቤቴም አልነበሩም። ግንበኛ ነበሩ። ቤታችን ውስጥ የሠሩት ቢደመር ስድስት ሳምንት አይሞላም። ግን እንደሳቸው ያበሳጨኝ ሠራተኛ የለም፤ እንደሳቸው ያመንኩትም ሰው ብዙ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው እማዬን ስትሮክ መትቷት ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ነው። ንግግሯ ተመለሰ፣ እጇም ቀስ በቀስ ተፍታታ፤ ቀኝ እግሯ ግን መሬቱን እየጠረገ መሄዱን አልተወም። ቤታችን አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ደህና ነው፣ ሽንት ቤቱ ግን ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ነው። በበጋ እኔ ወይም ጎረቤት ደግፈን እንወስዳታለን። በክረምት ግን ያ መንገድ ጤነኛውንም ያንሸራትታል። እማዬ ደግሞ ስንት ዓመት ገበያ ውላ፣ ቅቤ ነግዳ እኔንና ጴጥሮስን ያስተማረች ሴት ናት። ሰው ክንዷን ይዞ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ፊቷ ይለወጥ ነበር።

አንድ ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። ክሊኒክ ስወስዳት ሐኪሙ መረመራትና "እኚህ ሴትዮ ውሃ አይጠጡም እንዴ?" አለኝ። ለካ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ትታ ኖሯል፤ ማንንም ላለመጥራት ብላ። ከቀትር ጀምሮ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ጠብታ ውሃ አትቀምስም። ያን ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ አለቀስኩ። ማታውኑ ለጴጥሮስ ደውዬ ክረምቱ ሳይገባ ከመኝታ ቤቷ ጋር የተያያዘ መታጠቢያ ቤት እንደምናሠራላት ነገርኩት። እማዬ ማንንም ሳትጠራ በራሷ እግር ገብታ በራሷ እግር እንድትወጣ። ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ቀጥሎ ማንን እንቅጠር የሚለው መጣ።

ጴጥሮስ ዱራሜ ነው የሚሠራው፤ ቢሮ ውስጥ። እሱ ቸርች አብሮት የሚያገለግል ወጣት ነበረው፤ ሰው ሁሉ "ኢንጂነሩ" የሚለው። ኢንጂነሩ በሞተር ሳይክል መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ ጥሩ፣ ስልኩ በፎቶ የተሞላ። ሴራሚኩ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ያለው ቤት አሳየኝ። "በሦስት ሳምንት አስረክብሻለሁ። አንቺ ምንም አታስቢ" አለኝ። እውነት ለመናገር ምንም አታስቢ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ስለነበር ወደድኩት።

ጋሽ ላሬቦን የጠቆመኝ ያው የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። በእግራቸው መጡ። ስልሳ ዓመት አካባቢ ይሆናቸዋል፤ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ በቀኝ ጆሯቸው ላይ በቢላ የተቀረጸች አጭር እርሳስ የሰኩ። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር "ቆይ፣ እንየው" ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ይህን ቃል እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን ኳ፣ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ትንሽ ይሄዳሉ፣ ደግሞ ኳ ያደርጋሉ። ግድግዳው የሆነ ነገር የሚነግራቸው ይመስል ነበር።

"የሠሩትን ቤት ማየት እችላለሁ?" አልኳቸው።

"የቱን? የተሳካውን ነው ያበላሸሁትን?"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"የተሳካውማ መንገድ ላይ አለ፤ ስታልፊ ስታገድሚ ታይዋለሽ" አሉኝ። "መጀመሪያ ያበላሸሁትን ሄደሽ እይ። ከገበያው ጀርባ ጨርቅ የሚሸጡ ወይዘሮ ዘይነባ በይ። ላሬቦ ልኮኝ ነው በያቸው፤ እሳቸው ያሳዩሻል።"

በማግስቱ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ "ላሬቦ ልኮሽ ነው? ነይ ግቢ" አሉኝና ወደ ሳሎናቸው አስገቡኝ። አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ነበር፤ አብረን ገፋነው። ከጀርባው ከወለሉ ተነስቶ እስከ መስኮቱ የወጣ ስንጥቅ አለ፤ ጣት ያስገባል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ የተሠመሩ ትንንሽ መስመሮች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ዓመቱ ተጽፏል።

"ሙሌት አፈር ላይ ነው የገነቡት፤ አፈሩ ሳይረጋ" አሉኝ ወይዘሮ ዘይነባ። "ያስቸኮልኳቸው እኔ ነኝ። ልጄን ልድር ነበር፤ ሠርጉ ሳይደርስ ብዬ ወጥሬ ያዝኳቸው። ይኼን ብነግራቸው አይሰሙኝም። እምቢ ማለት የእኔ ሥራ ነበር ነው የሚሉት። አንዴ መጥተው ጠገኑት፤ ተመልሶ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ መስቀል ሲያልፍ ይመጣሉ፤ ቁም ሣጥኑን ገፍተው ያዩታል፣ ያሠምራሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።"

"ታዲያ ሌላ ሥራ ቢኖርዎት መልሰው እሳቸውን ይቀጥራሉ?"

ወይዘሮ ዘይነባ ጥያቄዬ የገባቸው አልመሰለኝም። "ኩሽናውን ማን ሠራው ብለሽ ነው?" አሉኝ። "ይኼ ከተሰነጠቀ በኋላ እኮ ነው ያሠራኋቸው።"

ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን ወሰንኩ? ኢንጂነሩን ልቀጥር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ሐሳቤ ትክክለኛ መስሎኝ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በቀይ የተሞላ ደብተር ይዞ መጥቶ ጎበዝ ነኝ የሚለኝን ተማሪ ለምን ልመን? ኢንጂነሩን "አንተስ ያበላሸኸው ቤት አለ?" ስለው በጣም ሳቀና "እኔ ጋ እንደሱ የሚባል ነገር የለም እህቴ" አለኝ። ይኼን እንኳ እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት። የሠራውን ቤት ልይ ስለው አንዱ ባለቤቱ መንገድ ሄዷል፣ ሌላው ተከራይ ገብቶበታል አለኝ። ከጴጥሮስ ጋር በአንድ ቸርች ስለሚያገለግሉ እምቢ ማለቱም ከበደኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ አሁን ሆሳዕና ውስጥ ይሠራል፣ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን።

ጴጥሮስ ቅዳሜ መጥቶ ነገሩን ልንቋጭ ተቀመጥን። እማዬ አልጋዋ ላይ ናት፤ የምንነጋገረውን ትሰማለች እንጂ ማንም ምን ትያለሽ አላላትም። ስለ ግንበኛ እሷን ማስጨነቅ ምን ያደርጋል ብለን ነው። እኔ የወይዘሮ ዘይነባን ስንጥቅ ለጴጥሮስ እንደ ቀልድ እያወራሁለት ነበር። እማዬ ድንገት አቋረጠችኝ።

"ያ ሰውዬ በየዓመቱ እየሄደ ያያል ነው ያልሽው?"

"አዎ፤ መስቀል ሲያልፍ።"

"እሱ ይሥራው።"

"እማዬ፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ እኮ ነው የሚያየው" አላት ጴጥሮስ።

"ይሰንጠቅ" አለች። "ታምሜ ከተኛሁ ስንት ሰው ነው ይኼን በር ከፍቶ እንዴት ነሽ ያለኝ? በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ምን ትፈልጋላችሁ?"

ጴጥሮስ እኔን አየኝ፣ እኔ ጴጥሮስን አየሁት። ኢንጂነሩን እምቢ የማለቱ ነገር የእሱ ዕዳ ሆነ፤ እኔ ጋሽ ላሬቦ ጋ ደወልኩ።

ሥራ ጀመሩ የተባለ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም አልሠሩም። ዝናብ እየጣለ ነበር። ላስቲክ ተከናንበው ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ውሃው ከጣሪያ ወርዶ በየት በኩል እንደሚሄድ ያያሉ። እኔ በመስኮት እያየሁ በውስጤ እሳደባለሁ። መጨረሻ ላይ ወጥቼ "ጋሽ ላሬቦ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?" አልኳቸው። "ጀምሬያለሁ" አሉኝ። "ውሃው መንገዱን ካላሳየኝ መሠረት አላወጣም። ቆይ፣ እንየው።" ወይዘሮ ዘይነባ ቤት ቸኩለው ያጡትን ቀን እኛ ቤት መልሰው የሚከፍሉት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን እጃቸው ፈጣን ነበር። ቱምቢያቸውን፣ ክር ላይ የታሰረችውን ብረት፣ አንጠልጥለው የብሎኬቱን ቀጥታነት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ያልወደዱትን ብሎኬት ማንም ሳይናገራቸው ያፈርሱታል። ምሳ ሰዓት ቆጮና ጎመን ሳቀርብላቸው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ረዘም ያለ ጸሎት ጸልየው ይበላሉ። ስለ በሩ ስፋት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቧንቧው እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ስለ እማዬ እግር ግን እሳቸውም አልጠየቁም፣ እኔም አልተናገርኩም። እንዴት ብዬ? እናቴ ከአልጋ እስከ መጸዳጃው እንዴት እንደምትራመድ፣ እንዴት እንደምትቀመጥ ለባዕድ ወንድ ልዘርዝር? እሳቸውስ አንዲትን ትልቅ ሴት ስለ ሽንት ቤት እንዴት ይጠይቋታል? እማዬም ሰውዬው ወደ ክፍሏ ብቅ ሲሉ ነጠላዋን እግሯ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሁላችንም ጨዋ ነበርን፤ ጨዋነታችን ያመጣውን ቀጥሎ ታያላችሁ።

መታጠቢያ ቤቱ አለቀ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ በሩ ሰፊ፣ ወለሉ ሻካራ፤ እንዳያንሸራትት ብለው ነው። ጋሽ ላሬቦ ጓሮ ዕቃቸውን እያጠቡ ነበር። እማዬ "ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ማንም እንዳይከተለኝ" አለች። ሳሎን ቆሜ ሰማኋት። እግሯ ወለሉን እየጠረገ ሄደ፣ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ከባድ ድምፅ መጣ።

በበሩ ሥር አራት ጣት ከፍ ያለች ደፍ ነበረች። የሻወሩ ውሃ ወደ መኝታ ቤቱ እንዳይፈስ ብለው የሠሯት። የትም ቤት የምትሠራ፣ ትክክለኛ ደፍ። የእማዬ ቀኝ እግር ግን ከመሬት አይነሳም።

ስደርስ በጉልበቷና በእጇ ወድቃለች። የከፋ ጉዳት አልደረሰባትም፤ መዳፏ ተልጧል። ግን አልጋዋ ላይ ሳስቀምጣት ዓይኗን ጨፈነችና "በቃ፣ የጓሮው ይሻለኛል" አለች። ያቺን ቃል መስማት ከመውደቋ በላይ ጎዳኝ። ቀና ስል ጋሽ ላሬቦ እርጥብ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው በር ላይ ቆመዋል። ደፏን ያያሉ፣ እማዬን ያያሉ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው ቀድሜ። "እግሯን እንደምትጎትት መንገር ነበረብኝ። አፍሬ ነው።"

"አንቺ መምህርት ነሽ" አሉኝ። "መጠየቅ የግንበኛው ነው። ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት።"

ከዚያ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ከእማዬ አልጋ ሥር፣ እግራቸውን አጥፈው። በሀድይኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "የጴጥሮስ እናት፣ እግርዎን እንዴት ነው የሚያነሱት? ያሳዩኝ። እኔ እንደ ልጅዎ ነኝ" አሏት። እማዬ ነጠላዋን ከእግሯ ላይ አነሳችና ተደግፋ ቆመች። ተራመደች። ጋሽ ላሬቦ በጉልበታቸው እየዳሁ ከኋላዋ ተከተሉ፤ እግሯ የጠረገውን ቦታ በእርሳሳቸው ወለሉ ላይ ያሠምራሉ። የት ጋ እንደምትዞር፣ በየትኛው እጇ ግድግዳ እንደምትይዝ፣ ስትቀመጥ ምን እንደሚያስቸግራት ሁሉንም ነገረቻቸው። ለእኔ ለልጇ ነግራኝ የማታውቀውን። እኔ ወጥቼ ሳሎን ተቀመጥኩ፤ የእኔ እዚያ መቆም አያስፈልግም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደፏን በመሮና በመዶሻ ነቅለው ጣሏት። ወለሉን ወደ ፍሳሹ አዘንብለው እንደገና ሠሩት፤ እማዬ የምትይዝበት ቦታ ላይ ብረት ቀበሩ። አዲሱ ሲሚንቶ ከአሮጌው ጋር ቀለሙ አልገጠመም፤ በበሩ ሥር ዥንጉርጉር ሆኖ ቀረ። አንድ ነገርም አልተሳካላቸውም። ደፍ ስለሌለ ትንሽ ውሃ በአንዱ ጥግ እየሾለከ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ያረጥበዋል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

"ወይ ግድግዳው ይርጠብ፣ ወይ እሳቸው ይውደቁ" አሉኝ በመጨረሻ። "ግድግዳው ይርጠብ። ግን ከዚህ እንዳያልፍ በየዓመቱ እየመጣሁ አየዋለሁ።" የእርጥበቱን ዳር ተከትለው በእርሳስ አሠመሩና ዓመቱን ጻፉበት።

እማዬ በዚያ ሳምንት ከቀትር በኋላ ውሃ ጠጣች። ብርጭቆውን ይዛ፣ እያየኋት፣ ጭልጥ አድርጋ።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ፈተና እያረምኩ በር ተንኳኳ። ከአንጋጫ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። "ጋሽ ላሬቦ ልከውን ነው፤ ያበላሹትን ልናይ" አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሰዎቹን በር ላይ አቁሜ ደወልኩላቸው።

"ጋሽ ላሬቦ፣ የእኔ መታጠቢያ ቤት ሙዚየም ነው እንዴ?"

"ካስቸገረሽ እተወዋለሁ" አሉኝ ረጋ ብለው። "ግን ወይዘሮ ዘይነባ ጋ ያለው መቸኮሌ ነው። እናንተ ጋ ያለው አለመጠየቄ ነው። የተለያየ ጥፋት ነው። የሚቀጥረኝ ሰው ሁለቱንም ቢያውቅ ይሻላል።"

እማዬ ከውስጥ "ይግቡ!" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስጎብኚዋ እሷ ሆነች። ስለ ሽንት ቤት ቃል ተናግራ የማታውቅ ሴት እንግዶቹን ከፊት ከፊት እየመራች "እዚህ ጋ ነው የወደቅኩት፣ ይኼን ነው ያፈረሰው፣ ይቺ እርጥበት አልድን ያለችው ናት" ትላለች። ጴጥሮስ ሲመጣ እንግዶች ካጋጠሙት ይሸማቀቃል። እኔም ውስጥ ውስጡን እሸማቀቅ ነበር። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ጋሽ ላሬቦ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ "ቆይ፣ እንየው" ይላሉ፣ ያሠምራሉ፤ ከዚያ ከእማዬ ጋር በሀድይኛ ሲያወጉና ሲሳሳቁ ይውላሉ። እንዲህ ስድስት ዓመት ሄደ።

ሞታቸውን በሰማሁበት ሳምንት ቅዳሜ ለእማዬ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ሀቢቾ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ተነስቷል፤ አጥሩ ሥር አግዳሚ ላይ ጥቂት ሰዎች አሉ። ወይዘሮ ዘይነባን አየኋቸው። አጠገባቸው የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የእሳቸው ቤት በር አልገጥም ብሎ የቀረ ኖሯል። "እኛ የላሬቦ ጥፋቶች ነን" አሉኝ ወይዘሮ ዘይነባ፤ እየሳቁ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። የጋሽ ላሬቦ ልጅ አባቷ ዘንድሮም ቤቶቹን ልያቸው፣ ልሂድ ልሂድ እያሉ መታመማቸውን ነገረችን። መስቀል ሳያልፍ ሞት ቀደማቸው።

እሑድ ከቸርች መልስ በር ተንኳኳ። ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየዋ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ምን ሊሉ እንደሆነ አወቅኩ። "ጋሽ ላሬቦ ክረምቱ ሳይገባ ነግረውን ነበር፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሄዳችሁ እዩ ብለው" አለ ባልየው። ልመልሳቸው ስል እማዬ ከውስጥ ጠራቻቸው።

አሳየቻቸው። ከአልጋዋ ተነስታ፣ እግሯን እየጎተተች፣ ማንንም ሳትይዝ በበሩ አልፋ ገባችና ዞራ ወጣች። የወደቀችበትን፣ የፈረሰውን፣ ያልዳነውን። ባልየው ጎንበስ ብሎ የእርሳስ መስመሮቹን አየና "ወደድናቸው" አለ። "ግን ስልካቸው አይነሳም። የት ልናገኛቸው እንችላለን?"

እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሞቷል" አለች።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ማንም። መስቀል ካለፈ ስንት ሳምንቱ ነው? ላሬቦ በሕይወት ቢኖር ይኼኔ እዚች ተቀምጦ ነበር።" ከዚያ ወደ በሩ አየች። "አንቺም ሲሚንቶ ገዝተሽ ደብቀሻል።"

ነፍሰ ጡሯ ሴት እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለች። ባልየው ግራ ተጋብቶ "እንግዲህ ማንን እንቅጠር?" አለ፤ ለራሱ ነው ያለው።

"ያገኛችሁትን ሁሉ ያበላሸኸውን አሳየን በሉት" አለችው እማዬ። "የሚያሳያችሁ ካገኛችሁ ለእኛም ንገሩን።"

ሲወጡ ሲሚንቶውን ሰጠኋቸው፤ ባጃጃቸው ላይ አብሬ ጫንኩላቸው። ጴጥሮስና እንግዶቹ ያዩትን ይዩ። ስመለስ እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ። ዓመት ጠብቆ የሚመጣልን ሰው አልነበረንም፤ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና "እርሳስ አምጪ" አለችኝ።

ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጫማዬን አውልቄ ግድግዳው ሥር ተንበረከክሁ። የእርጥበቱን ዳር በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከታች እስከ ላይ ቀስ ብዬ ተከተልኩት። እሳቸው አምና ያሠመሩት መስመር እዚያው አለ፤ ቁጥራቸው ወፍራም፣ ትንሽ ያዘነበለ።

"አለፈ?" አለችኝ እማዬ ከአልጋዋ ላይ።

"ቆይ፣ ልየው" አልኳት።

አላለፈም ነበር።